የዮሴፍ አባት ያዕቆብ ነው ወይስ ኤሊ? የማቴዎስንና የሉቃስን የትውልድ ሐረግ አነጻጽሮ ለማስታረቅ ዝርዝር መመሪያ

ማቴዎስ 1፥16 ላይ ያዕቆብ ዮሴፍን ወለደ ይላል። ሉቃስ 3፥23 ደግሞ ዮሴፍን «የኤሊ ልጅ» ይለዋል። ደሴ ውስጥ ሰንበት ትምህርት ቤት ያስተማረ ሰው ይህን ጥያቄ ሳይጠየቅ አይቀርም። አንዳንዴ ጠያቂው ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ሸዋ በር በኩል ቡና ላይ የምንገናኘው ሙስሊም ጎረቤት። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ምሥጢር ነው፣ አትመራመሩ» የሚል ነው። እኔ ይህን መልስ አልወደውም። ምሥጢረ ሥላሴና ምሥጢረ ሥጋዌ ምሥጢር ናቸው፤ የአያት ስም ግን ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ የሚመረመር ነገር ነው።

ደግሞም ነገሩ ከሩቅ እንደሚመስለው አያስፈራም። ሁለቱን ዝርዝሮች በእጁ ጽፎ ከብሉይ ኪዳን ጋር ላስተያየ ሰው አብዛኛው ልዩነት የሊቃውንት መልስ ሳያስፈልገው ይፈታል። በመጨረሻ የሚቀሩት ሁለት ቋጠሮዎች ናቸው፤ እነሱም የሚፈቱት በአንድ ዓይነት ሕግ ነው። ከታች ያለው ያንን መንገድ ደረጃ በደረጃ የሚያሳይ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ አንድ ሰፊ ደብተር፣ ሰማያዊና ቀይ እስክሪብቶ፣ እንዲሁም መጽሐፍ ቅዱስ ነው። የ1954ቱን ትርጉም የያዘ ይበቃዋል፤ ባለ 81ዱ ካለ ግን ጎን ለጎን ክፈቱት፤ በኋላ ቃይንም የሚባለው ስም ላይ ስንደርስ ይጠቅመናል። ስልክ ላይ ብቻ መሥራት አልመክርም። ሁለት ምዕራፍ በአንዴ ማየት ስለማይቻል ዓይን ይዘላል፤ እዚህ ሥራ ላይ ደግሞ ጥፋቱ ሁሉ የሚመጣው ከመዝለል ነው።

መጀመሪያ፦ ሁለቱን ዝርዝሮች በእጃችሁ ጻፉ

ገጹን ለሁለት ክፈሉት። በግራ በኩል ማቴዎስ 1፥1-16ን ከአብርሃም ጀምራችሁ ወደ ታች ጻፉ። በቀኝ በኩል ሉቃስ 3፥23-38ን ጻፉ፤ ግን ሉቃስ ከጌታችን ተነሥቶ ወደ አዳም ስለሚወጣ እናንተ ከመጨረሻው ቁጥር ጀምራችሁ ገልብጡት። ይህን ሳያደርጉ ማወዳደር የሚጀምሩ ሰዎች ናቸው ቶሎ የሚደናገሩት።

ሁለቱም ላይ ያሉትን ስሞች በሰማያዊ፣ አንዱ ላይ ብቻ ያሉትን በቀይ አስምሩ። ስትጨርሱ ገጹ ራሱ ይናገራል። ከአዳም እስከ ታራ ያለው ሉቃስ ላይ ብቻ ነው፤ ማቴዎስ ከአብርሃም ስለሚነሣ እዚያ የሚጋጭ ነገር የለም። ከአብርሃም እስከ ዳዊት ሁለቱም በአንድ መንገድ ይሄዳሉ። ከዳዊት በኋላ ይለያያሉ፤ ማቴዎስ በሰሎሞን፣ ሉቃስ በናታን። ሰላትያልና ዘሩባቤል ላይ እንደገና ይገናኛሉ። ከዘሩባቤል በኋላ ዳግመኛ ተለያይተው ዮሴፍ ላይ ይገጥማሉ።

ስለዚህ ክርክሩ በሙሉ ያለው በሁለት ክፍል ውስጥ ነው፦ ከዳዊት እስከ ሰላትያል፣ ከዘሩባቤል እስከ ዮሴፍ። «ሁለቱ ዝርዝሮች ፈጽሞ አይገናኙም» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ደብተሩን አሳዩት።

ናታንን በተመለከተ አንድ ነገር አሁኑኑ አስተካክሉ። ዳዊትን የገሠጸው ነቢዩ ናታን አይደለም። 1ኛ ዜና መዋዕል 3፥5ን ብታነቡ ናታንና ሰሎሞን ሁለቱም ከቤርሳቤህ የተወለዱ የዳዊት ልጆች ናቸው፤ የአንድ አባትና የአንድ እናት ወንድማማቾች። ዘካርያስ 12፥12 የናታንን ቤት ለብቻው ይጠራዋል፤ ማለትም ቤቱ ከምርኮ በኋላም የሚታወቅ ቤት ነበር።

ይህ ማነጻጸር የዛሬ ሰው ፈጠራ አይደለም። ጥንታውያን የግዕዝ አራቱ ወንጌላት መግቢያ ላይ በቅስትና በዓምድ ያጌጡ የቁጥር ሰንጠረዦች አሉ፤ የቂሣርያው አውሳብዮስ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ያዘጋጃቸው ናቸው። የማቴዎስን የትውልድ ክፍል ከሉቃሱ ጋር በአንድ ረድፍ የሚያስቀምጡት እነሱ ናቸው። አባቶቻችን ብራና ላይ ያዩትን እናንተ ደብተር ላይ እየደገማችሁ ነው።

ቀጥሎ፦ ቁጠሩ፣ ከዚያ አካፍሉ

ከሰሎሞን እስከ ዮሴፍ ማቴዎስ 26 ስም አለው። ከናታን እስከ ዮሴፍ ሉቃስ 41 ስም አለው። ዳዊት ከጌታችን ልደት 1,000 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነበር። በማቴዎስ ለአንድ ትውልድ 38 ዓመት ገደማ ይደርሳል፤ በሉቃስ 24 ዓመት ገደማ።

ከምርኮ በኋላ ያለውን ብቻ ብትወስዱ ነገሩ ይበልጥ ይጎላል። ዘሩባቤል ቤተ መቅደሱን ማሠራት የጀመረው ከልደት 520 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከእርሱ በኋላ እስከ ዮሴፍ ማቴዎስ 10 ስም፣ ሉቃስ 19 ስም ይሰጣል። 10 ሰው 500 ዓመት ለመሙላት እያንዳንዱ በ50 ዓመቱ መውለድ አለበት፤ 19 ሰው ግን 26 ዓመት ገደማ ይበቃዋል። ገና አንድ ሊቅ ሳትጠይቁ አንድ ነገር ታወቀ፦ ማቴዎስ ስም ይዘላል።

ይህ ግምት ብቻ እንዳይመስላችሁ ወደሚቀጥለው ሥራ ግቡ።

ማቴዎስ ሲዘል በዓይናችሁ እዩት

ይህን ክፍል አትቸኩሉበት። 1ኛ ዜና መዋዕል 3፥11-12ን ክፈቱና ከማቴዎስ 1፥8-9 አጠገብ ጻፉት።

ዜና መዋዕል፦ ኢዮራም፣ አካዝያስ፣ ኢዮአስ፣ አሜስያስ፣ ዓዛርያስ፣ ኢዮአታም።

ማቴዎስ፦ ኢዮራም፣ ዖዝያን፣ ኢዮአታም።

ዓዛርያስና ዖዝያን አንድ ሰው ናቸው፤ 2ኛ ነገሥት 15፥1 (በአንዳንድ ኅትመት 4ኛ ነገሥት ይባላል) ዓዛርያስ ሲለው 2ኛ ዜና 26፥1 ዖዝያን ይለዋል። ስለዚህ ማቴዎስ ሦስት ነገሥታትን በተከታታይ ዘሏል፦ አካዝያስን፣ ኢዮአስን፣ አሜስያስን። ትንሽ ወረድ ብላችሁ ደግሞ ኢዮስያስ ጋር ስትደርሱ ኢዮአቄም የለም፤ ማቴዎስ ከኢዮስያስ በቀጥታ ወደ ልጅ ልጁ ወደ ኢኮንያን ይሻገራል።

እነዚህ ነገሥታት ተራ ሰዎች አይደሉም። ኢዮአስ በሕፃንነቱ ቤተ መቅደስ ውስጥ ተሸሽጎ ያደገው፣ ታሪኩን ማንኛውም አይሁዳዊ የሚያውቀው ንጉሥ ነው። ለአይሁድ የጻፈው ማቴዎስ ረስቶት ነው ማለት አያስኬድም፤ አስቦበት ነው። ምክንያቱስ? መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የተረጎመው ሄሮኒሞስ የሰጠው መልስ ለእኔ ሚዛን ይደፋል። ኢዮራም የአክዓብን ልጅ ጎቶልያን አገባ፤ በአክዓብ ቤት ላይ ደግሞ የጥፋት ቃል ተነግሮ ነበር። ኦሪት የአባቶች ኃጢአት እስከ ሦስተኛና እስከ አራተኛ ትውልድ እንደሚደርስ ስለሚናገር፣ ከዚያ ጋብቻ የመጡት እስከ ሦስት ትውልድ ከመዝገቡ ተነሡ። የተሰረዙትን ቁጠሩ፤ ልክ ሦስት ናቸው።

ሌላው ምክንያት 14 ቁጥር ነው። ማቴዎስ 1፥17 ሐረጉን በሦስት አሥራ አራት ይከፍለዋል። የዕብራይስጥ ፊደላት ቁጥርም ስለሚያገለግሉ የዳዊት ስም ሲደመር 4፣ 6፣ 4፣ በድምሩ 14 ይሆናል። የዳዊትን ልጅነት ለማስረዳት የተነሣ ጸሐፊ ይህን ቁጥር መምረጡ አያስገርምም።

እዚህ ላይ ጠንቃቃ ተማሪ ይይዛችኋል፦ ሦስት ጊዜ 14 አርባ ሁለት ነው፤ የማቴዎስ ስሞች ግን ሲቆጠሩ 41 ናቸው። መልሱ ቁጥር 17 አካፋፈሉ ላይ ነው። «ከአብርሃም እስከ ዳዊት» ሲል ዳዊት መጨረሻ ነው፤ «ከዳዊት እስከ ባቢሎን ምርኮ» ሲል ደግሞ መጀመሪያ። ዳዊትን ሁለት ጊዜ ቁጠሩና ሁለተኛውን ክፍል ኢዮስያስ ላይ ዝጉት፤ 14 ይሞላል። ከኢኮንያን እስከ ክርስቶስ ቁጠሩ፤ ይህም 14 ነው።

«ልጅ» የሚባለው ማን እንደሆነ ፈትሹ

ኢዮራም የልጅ ልጁን የልጅ ልጅ «ወለደ» ማለት ውሸት አይሆንም ወይ? የሚል ይመጣል። መጽሐፉ ራሱ እንዴት እንደሚናገር አሳዩት። ዘፍጥረት 29፥5 ላይ ላባ የናኮር ልጅ ይባላል፤ አባቱ ግን ባቱኤል ነው፣ ናኮር አያቱ ነው። ኢዮራም ያገባት ጎቶልያ በ2ኛ ነገሥት 8፥18 የአክዓብ ልጅ፣ በ8፥26 ደግሞ የአክዓብ አባት የዘንበሪ ልጅ ናት፤ በስምንት ቁጥር ልዩነት፣ በአንድ ምዕራፍ ውስጥ። ነቢዩ ዘካርያስ በመጽሐፉ 1፥1 የበራክዩ ልጅ፣ የአዶ የልጅ ልጅ ነው፤ ዕዝራ 5፥1 በቀጥታ የአዶ ልጅ ይለዋል። ማቴዎስም የጀመረው «የዳዊት ልጅ የአብርሃም ልጅ» ብሎ ነው፤ ሁለት ሺህ ዓመት በሁለት ስም።

እኛም ዘንድ አያቱ ያሳደገው ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ በአያቱ ስም መመዝገቡ ብርቅ አይደለም። ፈተና ወረቀቱ ላይ የአያቱ ስም፣ ክርስትና ምስክር ወረቀቱ ላይ የአባቱ ስም ቢገኝ ዋሽቷል የሚለው የለም።

አንድ ሰው በሁለት ስም

ይህ አጭር ነው። ንጉሥ ሲነግሥ ስሙ ይለወጣል። ፈርዖን ኒካዑ ኤልያቄምን ኢዮአቄም ብሎ አነገሠው (2ኛ ነገሥት 23፥34)፤ የባቢሎን ንጉሥም ማታንያን ሴዴቅያስ አለው (24፥17)። ኢኮንያን ደግሞ ዮአኪንም ኢኮንያንም ይባላል። የደሴ ሰው ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አይሄድም፤ ከተማችንን መናገሻቸው ያደረጉት ንጉሥ ሚካኤል በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳው ጉባኤ ዘመን ክርስትና ከመነሣታቸው በፊት መሐመድ አሊ ይባሉ ነበር። አንዱ መዝገብ መሐመድ አሊ፣ ሌላው ሚካኤል ቢል ሁለት ሰው ነበሩ አይባልም።

ግን ይህን ቁልፍ በየበሩ አትሞክሩ። የአባት ስም በተለያየ ቁጥር ሁሉ «ሁለት ስም ነበረው» ማለት መልስ ሳይሆን ማምለጫ ነው። ሁለት ስም ነበረው የምትሉት መጽሐፉ ራሱ ሁለቱንም ስም ለአንድ ሰው ሲሰጥ ብቻ ይሁን።

የመጀመሪያው ቋጠሮ፦ የሰላትያል አባት

ማቴዎስ 1፥12 እና 1ኛ ዜና 3፥17 ሰላትያልን የኢኮንያን ልጅ ያደርጉታል። ሉቃስ 3፥27 የኔሪ ልጅ ይለዋል። አንዳንዶች «ሁለት የተለያዩ ሰላትያሎች ናቸው» ብለው ይገላገላሉ። አይመስለኝም። አባትና ልጅ፣ ሰላትያልና ዘሩባቤል፣ በሁለቱም ዝርዝር በአንድ ዘመን አካባቢ መገኘታቸው እንዲያው መገጣጠም ነው ለማለት ይከብዳል።

ኤርምያስ 22፥30ን አንብቡ። ኢኮንያን መካን ተብሎ እንዲጻፍ ታዝዟል፤ ምክንያቱም ከዘሩ በዳዊት ዙፋን ተቀምጦ የሚገዛ አይነሣም። ልጅ አልነበረውም ማለት ግን አይደለም። በባቢሎን ቁፋሮ የተገኙና በ1939 እ.ኤ.አ. የታተሙ የሸክላ ጽሑፎች ለይሁዳ ንጉሥ ለዮአኪንና ለአምስት ልጆቹ የተሰፈረውን ዘይት መዝግበዋል። የተቋረጠው ዙፋኑ ነው። ዙፋን የሌለው የንጉሥ ቤት ወራሽነቱ ወደ ቅርብ ዘመድ ሊሻገር ይችላል፤ የናታን ቤት ደግሞ የዳዊት ቤት ነው። ሰላትያል በሥጋ የኔሪ፣ በወራሽነት የኢኮንያን ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ወይም የኔሪ የሴት ልጁ ልጅ ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ መጽሐፉ ስላልነገረን ደብተራችሁ ላይ «ይቻላል» ብላችሁ ጻፉ፤ «ነው» ብላችሁ አትጻፉ።

ከዚያ አንድ መስመር ወረዱ፤ ብዙ ሰው የማያየው ነገር አለ። ዕዝራ 3፥2፣ ሐጌ 1፥1፣ ማቴዎስና ሉቃስ ሁሉም ዘሩባቤልን የሰላትያል ልጅ ይሉታል። 1ኛ ዜና 3፥19 ብቻ የፈዳያ ልጅ ይለዋል። ፈዳያ ማን ነው? አንድ ቁጥር ወደ ኋላ ተመለሱ፤ የሰላትያል ወንድም። ወንድም ለወንድሙ ዘር መተካቱን የሚያውቅ ሰው እዚህ ምን እንደተፈጸመ መገመት አያቅተውም። ወንጌል ከመጻፉ ብዙ መቶ ዓመት በፊት፣ ብሉይ ኪዳን ውስጥ፣ አንድ ሰው በሁለት ወንድማማቾች ስም ሲመዘገብ አየን ማለት ነው።

ሕጉ፦ ዘዳግም 25 እና የሩት መጽሐፍ

ዘዳግም 25፥5-6 ወንድም ልጅ ሳይወልድ ቢሞት ሌላው ወንድሙ ሚስቱን ያግባት፣ የሚወለደውም በኩር በሟቹ ስም ይጠራ ይላል። ሕጉ በጌታችን ዘመን ይታወቅ ነበር፤ ሰዱቃውያን ስለ ሰባቱ ወንድማማቾች የጠየቁት ጥያቄ (ማቴዎስ 22፥23-28) በዚሁ ላይ የቆመ ነው።

አሁን ሩት ምዕራፍ 4ን አንብቡ። ቦዔዝ ሩትን ሲያገባ የሟቹን የመሐሎንን ስም በርስቱ ላይ ለማስነሣት እንደሆነ በሽማግሌዎች ፊት ይናገራል (4፥10)። ኢዮቤድ ሲወለድ ጎረቤቶቿ ለኑኃሚን ልጅ ተወለደላት ይላሉ (4፥17)። አራት ቁጥር ወረድ ብላችሁ 4፥21 ላይ ግን ቦዔዝ ኢዮቤድን ወለደ ይላል። ያው ልጅ በሕግ የመሐሎን፣ በሥጋ የቦዔዝ ነው። ይህ ኢዮቤድ ደግሞ በማቴዎስም በሉቃስም ሐረግ ውስጥ አለ! ሁለቱም ወንጌላውያን በቦዔዝ ቆጠሩት፤ አንዱ በመሐሎን ቆጥሮት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሌላ «ግጭት» ይኖረን ነበር።

ከማስታረቂያ መንገዶች ሁሉ ክብደት የምሰጠው ለዚህ ነው፤ መፍትሔው ከውጭ የመጣ አይደለም፣ ሐረጉ ውስጥ ተቀምጧል። ትዕማርም ሐረጉ ውስጥ ያለችው ይኸው ሕግ ስለተነፈጋት ነው፤ ዘፍጥረት 38ን ይመልከቱ።

ሁለተኛው ቋጠሮ፦ የዮሴፍ አባት

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ ደረስን። ሦስት መልሶች አሉ፤ ሦስቱንም ጻፉና እያንዳንዱ የት ላይ እንደሚደክም አብራችሁ ጻፉ።

አንደኛው የጥንቱ ክርስቲያን ጸሐፊ የዩልዮስ አፍሪቃኖስ ነው። በ3ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለአርስጢዴስ የጻፈውን ደብዳቤ አውሳብዮስ በቤተ ክርስቲያን ታሪኩ አቆይቶልናል። እንዲህ ይላል፦ ከሰሎሞን ወገን የሆነው ማታን አስታ የምትባል ሴት አግብቶ ያዕቆብን ወለደ። ማታን ሲሞት ከናታን ወገን የሆነው ሚልኪ ያችኑ ሴት አግብቶ ኤሊን ወለደ። ያዕቆብና ኤሊ በእናት አንድ፣ በአባት ሁለት ሆኑ። ኤሊ ልጅ ሳይወልድ ሞተ፤ ያዕቆብ ሚስቱን አግብቶ ዮሴፍን ወለደ። ስለዚህ ዮሴፍ በሥጋ የያዕቆብ፣ በሕግ የኤሊ ልጅ ነው። በእኛም ጉባኤ ቤት የተለመደው ትምህርት ይህ ነው። ድካሙ ደግሞ ይህ ነው፦ አፍሪቃኖስ ሚልኪን የኤሊ አባት ሲያደርገው፣ በእጃችን ያለው ሉቃስ ግን በኤሊና በሚልኪ መካከል ማቲንና ሌዊን ያስገባል። አፍሪቃኖስ ያነበበው ቅጂ ሁለቱ ስሞች የሌሉበት ይመስላል። የስም ቁጥር ከቅጂ ቅጂ መለያየቱ በሌላም ቦታ ይታያል፤ የ2ኛው ክፍለ ዘመን አባት ቅዱስ ሄሬኔዎስ በሉቃስ 72 ትውልድ ሲቆጥር እኛ ስንቆጥር ከ75 ያልፋል። አባትዬው ሚልኪ ይሁን ማቲ ግን የመፍትሔው መሠረት አይናጋም። አፍሪቃኖስ ራሱም ለዚህ ምስክር ማቅረብ ባይቻል እንኳ ከዚህ የተሻለ የለንም ብሎ በቅንነት ጽፏል። የአንድ ሺህ ስምንት መቶ ዓመት ሊቅ ልኩን ካወቀ እኛም እንወቅ።

ሁለተኛው የሉቃስ ሐረግ የእመቤታችን ነው የሚለው ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የቪቴርቦው አኒዮስ ካሰራጨው ወዲህ ምዕራባውያን፣ ዛሬም ብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ሰባኪዎች ይወዱታል። የሚደግፈው አለ፤ ሉቃስ «እንደመሰላቸው የዮሴፍ ልጅ» ማለቱ፣ ደግሞም አማች በሚስቱ አባት ስም መቆጠሩ መጽሐፍ ውስጥ መኖሩ። ዕዝራ 2፥61 ላይ የቤርዜሊን ልጅ አግብቶ በስማቸው የተጠራ ካህን አለ፤ 1ኛ ዜና 2፥34-35 ላይ ወንድ ልጅ ያልነበረው ሶሳን ልጁን ለግብፃዊ አገልጋዩ ድሮ ዘሩ በእሷ ቀጥሏል። የልጅ ኢያሱን ታሪክ የምናውቅ የወሎ ሰዎች በእናት በኩል የሚመጣ ወራሽነት አይገርመንም፤ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ቢሆኑም ለምኒልክ ዙፋን ያበቃቸው የእናታቸው የወይዘሮ ሸዋረጋ ወገን ነው። ድካሙ ግን ከባድ ነው፦ ሉቃስ ማርያምን አይጠራም፤ የሚጠራው ዮሴፍን ነው። የእመቤታችን አባትም በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ኢያቄም እንጂ ኤሊ አይደለም። ኢያቄም ኤልያቄም፣ ኤልያቄም ኤሊ ነው እያሉ መንሸራተት ቀደም ብዬ ያስጠነቀቅሁት ማምለጫ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ጉዳዮችን አትቀላቅሉ። እመቤታችን ከዳዊት ወገን መሆኗ አንድ ነገር ነው፤ የሉቃስ ዝርዝር የእርሷ ነው ማለት ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛውን ያልተቀበለ ሰው የመጀመሪያውን አልካደም።

ሦስተኛው ማቴዎስ የዙፋን ወራሾችን፣ ሉቃስ የሥጋ አባቶችን ይቆጥራሉ የሚለው ነው። ከዳዊት እስከ ሰላትያል ላለው ክፍል ጥሩ ይሠራል። ለዮሴፍ ሲመጣ ግን አፍሪቃኖስ ካለው ጋር ይገለባበጣል፤ አንዱ ያዕቆብን የሥጋ አባት ሲያደርግ ሌላው ኤሊን ያደርጋል። ሁለቱን በአንድ ስብከት ውስጥ አደባልቆ የሚናገር ሰምቻለሁ፤ አድማጩ ግራ ተጋብቶ ነው የሚወጣው። አንዱን ምረጡ። እኔ የመጀመሪያውን እይዛለሁ፤ የሚጠይቀው ግምት አንድ ብቻ ነው፣ ሕጉም ሐረጉ ውስጥ ስላለ።

ያልተወደደ አራተኛ መንገድም ነበር። በ5ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ የተጻፈው ኮዴክስ ቤዛ የሚባለው ብራና ከዮሴፍ እስከ ዳዊት ያለውን የሉቃስ ዝርዝር አውጥቶ የማቴዎስን ገልብጦ አስገባበት፤ የተዘለሉትንም ነገሥታት ጨመረ። ግጭቱ ጠፋ፤ ሉቃስም ጠፋ። ሌሎቹ ገልባጮች ግን ልዩነቱን እያዩ እንዳለ አስተላለፉት፤ ለእኔ ይህ ስለ ታማኝነታቸው ብዙ ይናገራል።

ቃይንም፦ ለእኛ ቀላል የሆነው

ሉቃስ 3፥36 በአርፋክስድና በሳላ መካከል ቃይንም የሚባል ሰው ያስገባል። በዕብራይስጡ ዘፍጥረት 11፥12 ይህ ሰው የለም፤ በግሪኩ በሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ግን አለ። ሉቃስ በግሪክ ስለጻፈ የግሪኩን ተከተለ። ለሌላው ዓለም ይህ ራስ ምታት ነው። እኛ ግን መጽሐፈ ኩፋሌ አለን። ምዕራፍ 8 ላይ ቃይንም የአርፋክስድ ልጅ ነው፤ አባቱ ጽሕፈት አስተማረው፣ ከተማ የሚቆረቁርበት ቦታ ሲፈልግ የቀደሙ ሰዎች ድንጋይ ላይ የቀረጹትን የኮከብ ቆጠራ ጽሑፍ አገኘ፣ ገልብጦትም ሳተበት፤ ኖኅ እንዳይቆጣው ፈርቶ ሸሸገው። ኩፋሌ በሙሉው የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። ባለ 81ዱን ክፈቱና ዘፍጥረት 11ን ከ1954ቱ ጋር አስተያዩት።

ለጠያቂው ስትመልሱ

ለተማሪ ደብተሩን ስጡት፤ ራሱ ይጻፈው። ለሙስሊም ጎረቤት ግን ቅደም ተከተሉን ለውጡ። በእስልምና የማደጎ ልጅ በአሳዳጊው ስም አይጠራም፤ ሱረቱል አሕዛብ 5 በአባቶቻቸው ስም ጥሯቸው ይላል። ስለዚህ «በሕግ ልጅ» የሚለው ቃል ከመጀመሪያው ሲነገራቸው ጆሯቸው አይቀበለውም። አንድ ቀን አንድ ሐጂ «ልጄ፣ የሰው ነሰብ (የዘር ሐረግ) እንዴት ለሁለት ይከፈላል?» አሉኝ። «ሐጂ፣ መጀመሪያ የሙሴን ሕግ ላንብብልዎት» ብዬ ዘዳግም 25ን አነበብኩላቸው፤ ከዚያ ሩትን። ሕጉን ከሰሙ በኋላ ክርክሩ የዮሴፍ መሆኑ ቀርቶ፣ ያ ሕግ በእኛ ዘንድ ለምን እንደቀረ ወደ መጠያየቅ ዞረ። ያም ጥሩ ጨዋታ ነበር።

ደግሞ የማታውቁትን እንደምታውቁት አታድርጉ። 1ኛ ዜና 3፥19-20 የዘሩባቤልን ልጆች ይዘረዝራል፤ የማቴዎሱ አብዩድም የሉቃሱ ሬስም እዚያ ውስጥ የሉም። የልጅ ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ፣ በሌላ ስም የተጠሩም ሊሆኑ ይችላሉ። ደብተሩ ጠርዝ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጉና እለፉ።

ራሳችሁን ፈትኑ

ዘዴውን መያዛችሁን የምታውቁት ወንጌል ባልሆነ ሐረግ ላይ ስትሞክሩት ነው። ዕዝራ 7፥1-5ን በግራ፣ 1ኛ ዜና መዋዕል 6፥3-14ን በቀኝ ጻፉ። ሁለቱም ከአሮን እስከ ሠራያ ያለውን የካህናት ሐረግ ይዘዋል። ዕዝራ ወደ ላይ ስለሚወጣ መገልበጥ አትርሱ። መራዮት ጋር ስትደርሱ ዕዝራ በቀጥታ ወደ ዓዛርያስ ያልፋል፤ ዜና መዋዕል ግን በመካከል አማርያን፣ አኪጦብን፣ ሳዶቅን፣ አኪማአስን፣ ዓዛርያስንና ዮሐናንን ይጨምራል። ስድስት ስም ነው፤ ከዚህ ያነሰ ወይም የበዛ ካገኛችሁ ሁለቱን ዓዛርያስ አደባልቃችኋል። ከዚያ ዕዝራ 7፥1ን ደግማችሁ አንብቡ፦ ዕዝራ የሠራያ ልጅ ተብሏል። ሠራያ የተገደለው ኢየሩሳሌም ስትወድቅ በ586 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ነው (2ኛ ነገሥት 25፥18-21)፤ ዕዝራ ኢየሩሳሌም የገባው በተለመደው አቆጣጠር በ458 ነው። በመካከሉ 128 ዓመት አለ፤ እዚህ ላይ «ልጅ» ምን ማለት እንደሆነ ደብተራችሁ ላይ በራሳችሁ ቃል ጻፉ።